ዝናቡ ቆመ፤ ደማቁ ልብስ ለምን በዓል ይጠብቃል?

የመነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም።

ዝናቡ ቆሟል። እንጦጦ ከደመናው ወጥቶ ከመሀል ከተማ ይታያል። ሜዳው ዳር ዳሩን በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ስንቆም ግን ከራስ እስከ እግር ጥቁር፣ ግራጫና ቡናማ ነን።

በክረምት ይህ ምክንያት ነበረው። ጥቁር ሱሪ ጭቃ ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ ይሸታል። ስለዚህ ሰው ቆሻሻ የማያሳየውን ደጋግሞ ይለብሳል። መስከረም ከጠባ በኋላ ግን ጠዋት የተሰጣ ልብስ ከሰዓት ይታጠፋል። ታዲያ ቢጫው ቀሚስ፣ ቀዩ ሹራብ፣ ባለጥለቱ ነጠላ ለምን ቁም ሳጥን ውስጥ ገናን ይጠብቃል?

እኔ የምለው ይህን ነው፦ ደማቅ ልብስ ማክሰኞም ይለበስ። ለብሶ ለመውጣትም ሰርግ ወይም ልደት አያስፈልግም። ሻይ በፔርሙዝ፣ ዳቦና ቅቅል እንቁላል ይዞ ዛፍ ስር ግማሽ ቀን መቀመጥ በቂ ነው። እናንተ በዚህ ሰሞን ምን ትለብሳላችሁ? ብዙ ብር ሳታወጡስ ወዴት ትሄዳላችሁ?

(ክሩ፣ ማለትም ከስር የተከተለው የመልስ ሰንሰለት ስለረዘመ፣ አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲቀለው የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስፍሬዋለሁ።)

መልስ 1፦ የመጀመሪያዋ መላሽ አስተማሪ ናት። በሐሳቡ ተስማምታ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን ጠቆመች። የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ 700 ሄክታር ገደማ የሆነ ቦታ ነው። ሰው ሁሉ ወደ እንጦጦ ፓርክ ስለሚጎርፍ እዚያ ረጋ ብሎ መቀመጥ እንደሚቻል ጽፋለች። እሷ አረንጓዴ ሱሪ ለብሳ፣ ብርቱካናማ ሻርፕ ጣል አድርጋ ነው የምትሄደው። ተማሪዎቿ መንገድ ላይ ከሩቅ እንደሚለዩዋት የጻፈችው በደስታ ነው።

መልስ 2፦ በትህትና የተጻፈ እርማት። መስከረም ላይ ዝናቡ ይሄዳል እንጂ አዲስ አበባ ገና አትሞቅም ይላል ጸሐፊው። ሰማዩ ሲጠራ ሌሊቱ ይብሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የማለዳው ብርድ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሙቀቱ በደንብ የሚመጣው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ቀለሙን በሹራቡና በጋቢው ጥለት እንድንጀምር፣ ስስ ቀሚሱን ለየካቲት እንድናስቀምጥ መከረ። ጥሩ ምክር ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በስስ ልብስ የወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያስነጥስ ይውላል።

መልስ 3፦ ከድሬዳዋ። ይህን መልስ በጣም ነው የወደድኩት። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ብርድ የሚባል ነገር ብዙም አታውቅም። እዚያ ሴቶች ስስ ድሪያ፣ ወንዶች ሽርጥ ለብሰው ሲውሉ የምን በዓል ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት ሐምራዊ ከወርቃማ ጋር ለብሳ እንደምትቀመጥ በዝርዝር ጻፈ። ሐረር ከሄዳችሁ ደግሞ መኪና ግርግር ግቡ አለን። መንገዱ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው፤ ጨርቅ ገዝታችሁ እዚያው ማሰፋት ትችላላችሁ። በመጨረሻ ደገኛው ቀለም የሚፈራው ለምን እንደሆነ ጠየቀ። ቀጥተኛ መልስ የሰጠው ሰው የለም።

መልስ 4፦ እዚህ ላይ ድምፁ ተለወጠ። ጸሐፊው የዘይትና የቤት ኪራይ ዋጋ ጠቅሶ፣ በዚህ ኑሮ ስለ ልብስ ቀለም ማውራት የጠገበ ሰው ወሬ ነው የሚል ሁለት መስመር ጥሎ ወጣ።

መልስ 5፦ አንዲት ልጅ ወዲያው መለሰችለት። ደማቅ የሚባሉት ልብሶቿ በሙሉ ሰልባጅ ናቸው። ነጋዴው ቦንዳውን ሲፈታ ሰው የሚሻማው ጥቁር ጂንስና ጥቁር ጃኬት ላይ ስለሆነ ቢጫና ሮዝ ሸሚዞች መጨረሻ ላይ በርካሽ ይቀራሉ። እሷም የምታነሳው እነሱን ነው።

መልስ 6፦ 4ኛው ጸሐፊ ተመልሶ መጣ። ንግግሩ ለስለስ ብሏል። ሦስት ልጆች እንዳሉት፣ እሑድ ከቤት ማውጣት ቢፈልግም እግራቸው ካፌ በረገጠ ቁጥር የኪሱ ነገር እንደሚያስጨንቀው ጻፈ። ይህ የብዙ አባቶች ጭንቀት ስለሆነ አልፌው መሄድ አልፈለግኩም። ስንቅ ከቤት ይያዝ አልኩት። መስከረምና ጥቅምት የእሸት ወቅት ነው። የተጠበሰ በቆሎ እሸት ከመንገድ ገዝቶ ሦስት ቦታ ሰብሮ ማካፈል ለልጆቹ ከኬክ ይልቅ ጨዋታ ይሆንላቸዋል። ልጆች ተራራ ወጥተው ከተማውን ቁልቁል ሲያዩ ቤታቸውን ፍለጋ ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጃሉ።

መልስ 7፦ በጤና ሙያ ላይ ያለች እህት ስለ ፀሐዩ አስጠነቀቀች። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ የማያቃጥል ይመስላል። ግን አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ጫፉ ከ3,000 ያልፋል። ቀለም የሚለብሱትን የሚያስደስት ነገርም አከለች። ድርና ማጉ ተመሳሳይ ከሆነ፣ ደመቅ ያለ ቀይ ወይም ሰማያዊ ጥጥ ከስስ ነጭ ይልቅ ጨረሩን ይከላከላል። ለሕፃናትና ለአልቢኖ ልጆች ሰፊ ባርኔጣና እጀ ረጅም የግድ መሆኑን በአጽንኦት ጽፋለች። ለዓይንም መነጽር።

መልስ 8፦ አንድ ወጣት ቢጫ ቲሸርት ለብሶ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲቀመጥ ጥቃቅን ነፍሳት ደረቱን ሞልተውት ተቸግሮ እንደነበር አወራ። ቢጫ ይቅርብኝ ባይ ነው።

መልስ 9፦ ሆለታ አካባቢ የጽጌረዳ እርሻ ላይ የምትሠራ ሴት ምክንያቱን ነገረችው። ግሪንሐውስ ውስጥ ሙጫ የተቀባ ቢጫ ወረቀት ይሰቅላሉ፤ ጥቃቅኖቹ ተባዮች ራሳቸው መጥተው ይለጠፉበታል። ብዙ ነፍሳት ቢጫ ይስባቸዋል። ቆዳ የሚነክሱ ግን አይደሉም፣ ተክል መጣጮች ናቸው፤ አራግፎ መቀመጥ ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ እንዲህ ያለ ዕውቀት ከሥራ ቦታ ይዞ ለሚመጣ ሰው ትልቅ አክብሮት አለኝ።

መልስ 10፦ የንብ ነገር ተነሳ። አደይ በሚያብብበት ሰሞን ቀፎ ያለበት አካባቢ ሽቶ ተቀብቶ መቀመጥ ጥሩ እንዳልሆነ ተጻፈ። ከአበባው በኋላ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማር ይቆረጣል።

መልስ 11፦ የክሩ ልብ ለእኔ ይህ ነው። ሽሮ ሜዳ የሚሠሩ ሸማኔ ጻፉ። አባታቸው ከዶርዜ ነው የመጡት። የሸማኔው ገበያ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ጥምቀት፣ ለፋሲካ ይሞቃል፤ ከዚያ በኋላ ይቀዘቅዛል። በዓል ሲደርስ ሌሊት ተቀምጠው ይሠራሉ፤ በዓል ሲያልፍ በሽመና ዕቃው ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ዘርግተው ደንበኛ ይጠብቃሉ። ሰው ባለጥለት ልብስ በተራ ቀን መልበስ ቢጀምር የእሳቸው ዓመት እኩል ይሆን ነበር። እኔ ስለ ደስታ ብዬ የጻፍኩት ነገር ለእሳቸው እንጀራ ነው፣ እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም።

ጋሼ በዚህ አላበቁም። ሙሉ ቀሚስ ካልሆነ አንሸጥም የሚል ሸማኔ እንደሌለ አስረዱ። ሻርፕ፣ የአንገት ልብስ፣ ሸሚዝ ላይ የሚሰፋ ቀጭን ጥለት ይሠራሉ። ዱንጉዛ የሚባለው የጋሞ ሽመና፣ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫው፣ ጂንስ ላይ በጃኬት መልክ ሲለበስ እንደሚያምር፣ የገዛ ልጃቸው እንዲህ ለብሳ ዩኒቨርሲቲ እንደምትሄድ ጻፉ። ቅሬታቸው አንድ ነው፦ ጥለት የሚመስል ሥዕል የታተመበት ከውጭ የሚገባ ጨርቅ። እሳቸው ቀናት የሚፈጅባቸውን ማሽኑ በቅጽበት ያትመዋል።

መልስ 12፦ በጣም የተቆጣ መልስ። አንዲት ተማሪ ጥለት የታተመበት የሺፎን የሀበሻ ቀሚስ እንደምትለብስ፣ በእጅ የተሠራውን ለመግዛት አቅም እንደሌላት፣ ለዚህም ማንም እንዲያሳፍራት እንደማትፈቅድ ጻፈች። ለምርቃቷ ስትለብሰው እናቷ በደስታ እንዳለቀሱ፣ ጨርቁ ታተመ አልታተመ የጠየቀ እንዳልነበረ አከለች።

መልስ 13፦ ሌላዋ ደግሞ በተማሪዋ ላይ ጠንከር ያለ ቃል ወረወረች። ርካሽ የሚመርጥ ባህሉን ይገድላል የሚል። ይህን አልደግፍም፣ እዚያው ጽፌዋለሁ። አቅም የሌላት ልጅ ባህል ገዳይ አይደለችም። ጋሼም እሷን አልወቀሱም። መወቀስ ያለበት የታተመውን በእጅ የተሸመነ ነው ብሎ የሚሸጠው ነጋዴ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ጨርቁን መገልበጥ ነው። የተሸመነ ጥለት ጀርባው ላይም ክሩ ይታያል፣ በጣት ይዳሰሳል። የታተመው ጀርባው ፈዛዛ ነው፣ ሲዳስሱትም ልሙጥ ነው።

መልስ 14፦ አንዲት እናት ነጭ ነጠላዋ ላይ የጥለቱ ቀይ ቀለም ለቆ እንዳበላሸባት ገልጻ፣ ጋሼ እንዴት እንደሚታጠብ እንዲነግሯት ለመነች። ጋሼ ሥራ ላይ ስለነበሩ መልሱ ዘገየ።

ከመልስ 15 እስከ 19፦ አንድ ልጅ ያለው ብቸኛ ደማቅ ልብስ የአርሴናል ማሊያ መሆኑን ጻፈ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ገቡ፣ የቀዩ ቀለም ባለቤት ማነው በሚል ክሩ ለጊዜው ከእጃችን ወጣ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ብርቱካናማና ቢጫውን ይዞ መጥቶ የአገር ቡድን ማሊያ ለብሰን እንውጣ ብሎ አስታረቃቸው።

መልስ 20፦ አንድ ሰው ያገባችና የወለደች ሴት ቢጫ ሱሪ ለብሳ መናፈሻ መታየቷ ነውር ነው የሚል ረጅም ጽሑፍ ለጠፈ። ደማቅ ቀለም የልጃገረድ ነው ባይ ነው።

መልስ 21፦ አጭርና የተሳለ መልስ፤ የእሱን ልብስ ማን እንደሚመርጥለት ተጠየቀ።

መልስ 22፦ እዚህ ላይ እማማ ገቡ። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፣ የልጅ ልጃቸው ናት የጻፈችላቸው። ስድብ የለበትም፣ ግን ቀጥ ያለ ነው። በወጣትነታቸው ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ የለበሱት ሁሉ ከአፈር ጋር አንድ ነበር። ዛሬ ያ መንገድ ፓርክ ሆኖ ሰው ይዝናናበታል። አሁን ቀይ ሹራብ የሚለብሱት ያኔ ስላልነበራቸው ነው፤ የወለዱትም ስድስት ነው። ለ20ኛው ጸሐፊ ልጄ ብለው፣ ሚስትህን ቀለም አልብሰህ አብረሃት ውጣ የሚል ምክር ሰጡት። እንጦጦ ማርያም ለመሳለም የሚሄድ ሰው ግን ከላይ ነጠላ እንዲጥል አሳሰቡ። ሰውዬው ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

መልስ 23፦ እናቷን ያጣች እህት። ዓመቱ ሞልቷል፣ ሐዘንሽን አውልቂ ተብላለች። ጥቁሩን ብታወልቅ ግን እናቷን የተወቻት እየመሰላት፣ ገበያ ሄዳ ሰማያዊ ሸሚዝ ይዛ መልሳ እንደምትሰቅለው ጻፈች። ከስር ብዙ ሰው መለሰላት፣ ሁሉንም አልቆጥርም። አንዷ የእናቷን ሻርፕ እንድታስር መከረቻት። እኔም ያልኳት ማንም አያጣድፍሽ ነው። በጥቁር ልብስ መናፈሻ መሄድ ይቻላል፤ ዛፉ የሐዘን ልብስ የለበሰ አይግባ አይልም። ቀለሙ የሚመጣው እሷ ስትፈልግ ነው።

መልስ 24፦ ከዱባይ፣ በሰው ቤት የምትሠራ እህት። እዚያ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አየሩ ሲሞቅ ሰው ቤት ይገባል። ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው። የእነሱ የመውጫ ጊዜ የሚጀምረው ኅዳር ላይ ነው። ሳምንቱን ዩኒፎርም ለብሳ ትሠራለች፣ በዕረፍት ቀኗ ብርቱካናማ ቀሚስ ለብሳ ደይራ ወደሚባለው ሰፈር ትወርዳለች። አብራ የምትባለው የእንጨት ጀልባ ክሪክ የሚሉትን የባሕር ወሽመጥ በ1 ድርሃም ታሻግራለች። ከጓደኞቿ ጋር ወዲያና ወዲህ ይሻገራሉ፣ ከአገር ቤት የመጣ ቆሎ ይበላሉ። የምትወደው ቀን ያ ነው። ከዚህ ክር ውስጥ ሐሳቤን በሕይወት የኖረችው እሷ ናት።

መልስ 25፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ። በእነሱ በኩል መስከረም ቅጠል መርገፊያ ስለሆነ የቀለም ወራቸው መጋቢት መጨረሻ ነው። ዋሽንግተን ታይዳል ቤዚን ዙሪያ ያሉት የቼሪ ዛፎች ያብባሉ። ጃፓን፣ የቶኪዮ ከተማ በ1912 እ.ኤ.አ. ከሰጠቻቸው 3,020 ዛፎች ጀምሮ የቆየ ነው፤ መግቢያ አይከፈልበትም። እሷና እህቶቿ ባለጥለት ሻርፕ አድርገው ይሄዳሉ፤ የማያውቋቸው ሰዎች ጨርቁን ከየት እንደገዙ ይጠይቋቸዋል። ጋሼን ከጠያቂዎቹ ጋር ልታገናኛቸው ፈቃደኛ ናት።

መልስ 26፦ ቢሾፍቱን ያነሳው ሰው ብዙ ምክር ይዞ ነበር። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይሞቃል። ሐይቆቹ እሳተ ገሞራ የቆፈራቸው ናቸው። ሰው ሁሉ ወደ ሪዞርት ይሮጣል፣ እሱ ግን ባቦጋያ ዳር ቁጭ ብሎ ወፍ ያያል። ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜና እሑድ የኢሬቻ በዓል ስለሆነ መንገዱ እንደሚሞላ አስታወሰ። ሐይቅ ዳር ብቻውን ለመቀመጥ የፈለገ ሌላ ሳምንት ይምረጥ። ቀለም ለማየት የፈለገ ግን ያን እሑድ ይሂድ። ክረምቱ በሰላም በማለፉ እርጥብ ሳርና አበባ ይዞ ወደ ሆራ አርሰዲ ሐይቅ የሚወርደውን ሕዝብ ከነልብሱ ማየት ሌላ ነገር ነው።

መልስ 27፦ እናቷ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ሴት ጠየቀች። ዳገትም ጭቃም አይሆንላቸውም።

መልስ 28፦ ወዳጅነት ፓርክ ተባለ። መሀል ከተማ ነው፣ የተነጠፈ መንገድና ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለው። ማለዳ ሰው ሳይበዛ መሄድ ይሻላል።

መልስ 29፦ ጋሼ ማታ ተመልሰው ለ14ኛዋ እናት መለሱ። ከመግዛትሽ በፊት ነጭ ጨርቅ በውሃ አርጥበሽ ጥለቱን እሺው፤ ቀለም ከወጣ አትግዢ። የገዛሽውን አትዘፍዝፊ። በቀዝቃዛ ውሃና በትንሽ ሳሙና ነጩን ብቻ ቶሎ ቶሎ እሺ፣ ጥለቱን አለቅልቀሽ ተይው። ሳትጠመዝዢ ውሃውን ጨምቂ። ጥለቱ በነጩ ላይ እንዳይተጣጠፍ ዘርግተሽ ጥላ ላይ አስጪ፤ አብዛኛው ነጠላ የሚበላሸው ሲታጠብ ሳይሆን እርጥቡ ተጣጥፎ ሲቀመጥ ነው። ነጠላዋ ላይ የቆየው ቀይ ግን በቤት ውስጥ እንደማይወጣ በግልጽ ነገሯት። ዳርና ዳሩን ቆርጠው አዲስ ጥለት ሊሰፉላት ይችላሉ፣ ይዛ ትምጣ።